ዓባይን ያየም ምንጭ ያመስግን፦ ከከተማ ፓርክ እስከ ሰሜን ተራሮች መልክዓ ምድርን ማንበብ

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላል ተረታችን። ትልቁን ያላየ ሰው በትንሹ ይደነቃል ለማለት ነው። አነጋገሩ ውስጥ ምንጩን የመናቅ ነገር አለ። ሳናስበው እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። «ተፈጥሮን ማየት» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ሩቅ ቦታ ነው፤ ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ፣ ዳሎል። ገንዘብና ጊዜ ሲገኝ የሚኬድበት ቦታ። ሰፈራችን አጠገብ ያለው ፓርክ ደግሞ ቡና የሚጠጣበትና ፎቶ የሚነሱበት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ግን እስቲ ተረቱን በሳይንስ ዓይን እንየው። ዓባይ ራሱ ከየት ነው የሚነሳው? ጎጃም ውስጥ ሰከላ ላይ፣ ግሽ ዓባይ ከሚባል ምንጭ! ከዚያ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል፤ ከጣና ሲወጣ ነው እንግዲህ ታላቁ ዓባይ የሚባለው። ስለዚህ ምንጭን ማመስገን ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ምንጩን በደንብ ያየ ሰው ወንዙ ጋ ሲደርስ የሚያየው ነገር ይበዛለታል።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ በጎጃም መንገድ ዓባይን ተሻግረን፣ በባሕር ዳርና በጎንደር አድርገን ደባርቅ እንገባለን፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ተራሮች እንወጣለን። በየቦታው አራት ጥያቄዎችን እንጠይቃለን፦

1. ድንጋዩ ምንድን ነው?
2. ውሃው ወዴት ይሄዳል?
3. እዚህ ማን ይኖራል?
4. ምን ተለወጠ?

እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለመጠየቅ ላቦራቶሪም፣ መሣሪያም፣ ዲግሪም አያስፈልግም። ዓይንና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

አረንጓዴ ነገር ስናይ ለምን ቀለል ይለናል?

ከመንገዳችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። ዛፍና ሜዳ ማየት ደስ ይላል የሚለው እንዲያው ስሜት ብቻ ነው ወይስ ሊለካ የሚችል ነገር አለው?

ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ዝነኛ ጥናት አሳትሟል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሕሙማንን መዝገብ አየ። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፍ ያሳያል፤ የግማሾቹ ደግሞ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ 8 ቀን ገደማ ተኝተው ወጡ፤ ግድግዳ የሚያዩት 8.7 ቀን። ዛፍ የሚያዩት ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ የወሰዱትም በመጠን ያነሰ ነበር። የሕሙማኑ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም፣ ጥናቱ ብዙ ተመራማሪዎችን ወደዚህ ጥያቄ ስቧል።

ታዲያ ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል? ሬቸል ካፕላንና ስቲቨን ካፕላን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን አንድ ማብራሪያ አቅርበዋል። ትኩረታችን ሁለት ዓይነት ነው ይላሉ። አንደኛው እያስገደድን የምናመጣው ነው፤ ለፈተና ስናጠና፣ መኪና በበዛበት መንገድ ስንሻገር፣ በጫጫታ መሀል ሰው ስናዳምጥ የምንጠቀምበት። ይህ እንደ ጡንቻ ይደክማል። ሁለተኛው ሳንታገል በራሱ የሚሳብ ነው፤ ቅጠል ሲወዛወዝ፣ ደመና ሲያልፍ፣ ውሃ ሲፈስ ዓይናችን ዝም ብሎ ይከተላል። ሁለተኛው ሲሠራ አንደኛው ያርፋል። ከመናፈሻ ስንመለስ ጭንቅላታችን ቀለል የሚለን ለዚህ ነው የሚል ነው ሐሳባቸው። ሚሺጋን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሙከራም ይህን ይደግፋል። ዛፍ በበዛበት መናፈሻ የተራመዱ ሰዎች፣ በከተማ መንገድ ከተራመዱበት ጊዜ ይልቅ ቁጥሮችን ከኋላ ወደ ፊት የመድገም ፈተና ላይ የተሻለ ሠርተዋል።

ምን ያህል ጊዜስ ይበቃል? እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎችን የጠየቀ ጥናት አለ። በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ ባለበት ቦታ ያሳለፉ ሰዎች፣ ጭራሽ ካልወጡት ይልቅ «ጤናዬ ደህና ነው፣ ደስተኛ ነኝ» የማለት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ሁለቱ ሰዓት በአንድ ቀን ይሁን ተከፋፍሎ ለውጥ አላመጣም። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ! ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ነው ያሳየው። ተፈጥሮ ጤና ሰጥቷቸው ሊሆን ይችላል፤ ወይም መጀመሪያውኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ነው ደጋግሞ የሚወጣው። ሁለቱን መለየት ሌላ ዓይነት ጥናት ይጠይቃል።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ጥናቶች አንዳቸውም ስለ ሩቅ ተራራ አያወሩም። የመስኮት ዛፍ፣ የከተማ መናፈሻ፣ የሰፈር ሜዳ ነው የተለካው። ጥቅሙ ከቅርቡ ይጀምራል ማለት ነው።

እንጦጦ፦ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች

እሺ፣ መንገድ እንጀምር። የመጀመሪያ ፌርማታችን እንጦጦ ነው። እዚያ ያለው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2020 ተከፍቷል፤ ብዙዎቻችሁ ሄዳችሁበት ይሆናል።

ድንጋዩ ምንድን ነው? እንጦጦ ከእሳተ ገሞራ የተሠራ ተራራ ነው። እሳቱ ከጠፋ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። ጀርባችሁን ለጫካው ሰጥታችሁ ከተማዋን ቁልቁል ስታዩ ደግሞ በስተ ምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር አሉ፤ ሰማዩ የጠራ ቀን ከሩቅ ዝቋላም ይታያል። እነሱም ሁሉ የቀድሞ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። አዲስ አበባ ማለት እሳታቸው በጠፋ ተራሮች መሀል የተቀመጠች ከተማ ናት!

ዝቋላ ለምን ሰማያዊ ይመስላል? ተራራው ሰማያዊ ስለሆነ አይደለም፤ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት እንደማንኛውም ተራራ አረንጓዴና ቡናማ ነው። በእናንተና በተራራው መሀል ብዙ ኪሎ ሜትር አየር አለ። የፀሐይ ብርሃን በዚያ አየር ውስጥ ሲያልፍ የአየሩ ቅንጣቶች ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ይልቅ በብዛት ይበትኑታል፤ ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ስለዚህ ሩቁን ተራራ ስታዩ የምታዩት ተራራውንና በመሀል ያለውን «ሰማይ» አንድ ላይ ነው። ይህን ካወቃችሁ ርቀትን በቀለም መገመት ትችላላችሁ። ጥቁር አረንጓዴው ቅርብ ነው፤ ሰማያዊው ራቅ ያለ ነው፤ ነጣ ብሎ ከሰማዩ ሊቀላቀል የደረሰው በጣም ሩቅ ነው። በመስከረም ወር፣ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ሩቁ ነገር ሁሉ ወለል ብሎ የሚታየው ደግሞ የክረምቱ ዝናብ አቧራውንና ጭሱን ስላጠበው ነው።

ውሃውስ ወዴት ይሄዳል? ይኼ የእንጦጦ ትልቁ ምስጢር ነው። አናቱ ላይ ቆማችሁ ዝናብ ጀመረ እንበል። አንዷ ጠብታ በእናንተ ደቡብ በኩል አረፈች፣ ሌላዋ በሰሜን በኩል። በደቡብ ያረፈችው በቀበና ወይም በቀጨኔ ወርዳ አቃቂ ትገባለች፤ ከአቃቂ አዋሽ፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ፣ በጅቡቲ ድንበር ባሉ ሐይቆች ያልቃል። በሰሜን በኩል ያረፈችው በሱሉልታ ሜዳ አድርጋ ሙገር ትገባለች፤ ከሙገር ዓባይ፤ ከዓባይ ሱዳን፣ ግብፅ፣ መጨረሻዋ ሜዲትራንያን ባሕር! ሁለቱ ጠብታዎች ሲወድቁ በመሀላቸው የነበረው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነበር።

ማን ይኖራል፣ ምን ተለወጠ? እንጦጦን አሁን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው፣ አገሩ አውስትራሊያ። በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲሲቷ ከተማ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አልቆባት ስትቸገር ባሕር ዛፍ መጣ። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከተማዋ እንጨት ፍለጋ ከመሰደድ የዳነችው በእሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዋጋ ግን አስከፍሏል። ከሥሩ ሌላ ተክል እምብዛም አይበቅልም፤ ውሃም በብዛት ይጠጣል። ከባሕር ዛፍ ተራ ወጥታችሁ ጽድ፣ ወይራ ወይም ኮሶ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ከዛፉ ሥር ያለውን ነገር አወዳድሩ። የወፉን ድምፅም አዳምጡ። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው፤ አገር በቀል ዛፎች ወደ ተራራው እንዲመለሱ የሚሠራው ሥራ እዚያ በዓይን ይታያል።

የዓባይ ሸለቆ፦ ወደ ታች መውረድ፣ ወደ ኋላ መሄድ

ከእንጦጦ ወርደን ሱሉልታን፣ ከዚያ የሰላሌን ሰፊ ሜዳ እናቋርጣለን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጸጥታ ችግር ምክንያት ይህ መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መንገዱ ሰላም እስኪሆን በሐሳብና በካርታ እንሂድበት።

ሜዳው ለምን እንዲህ ተዘረጋ? ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰንጥቃ እንደ ውሃ የቀጠነ የቀለጠ ድንጋይ በገፍ ፈሰሰ። ገንፎ ቢሆን ኖሮ ተከምሮ ይቀር ነበር፤ ይሄኛው ግን እንደ እንጀራ ሊጥ ምጣዱ ላይ ተዘርግቶ ረጋ። በላዩ ሌላ ፈሰሰ፣ በላዩ ሌላ። አንዳንድ ቦታ የተደራረበው ውፍረት እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጥቁር ድንጋይ የምንለው ባዛልት ይኼ ነው። እሱ ሲበሰብስ ነው በክረምት ጫማ የሚነቅለው፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባው መረሬ አፈር የሚገኘው።

ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ሜዳው ድንገት ያልቃል። ከፊታችን የዓባይ ሸለቆ ነው። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ወደ ታች እንወርዳለን፤ ከዚያ እንደገና ወደ ደጀን እንወጣለን። ወንዙ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ምድሪቱን እንደ ዳቦ ቆርጦ ንብርብሯን አሳይቶናል።

ስትወርዱ የመንገዱን ዳር ግድግዳ ተመልከቱ። መጀመሪያ ጥቁሩ ባዛልት ነው። ዝቅ ስትሉ ቀለሙ ይለወጣል፤ ነጣ፣ ቢጫ ያለ፣ በድርድር የተቀመጠ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። የኖራ ድንጋይ የሚሠራው ባሕር ውስጥ ነው! ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ የዳይኖሰሮች ዘመን ላይ፣ ይህ ቦታ ባሕር ነበር። ድንጋዩ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅሪት ይገኛል። የሙገር ሲሚንቶ የሚሠራው እንዲህ ካለው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የምትኖሩበት ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጥም የዚያ ባሕር ትራፊ ሊኖር ይችላል። ከኖራው በታች ጀሶና ጭቃ ድንጋይ፣ ወንዙ አጠገብ ደግሞ ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ አለ። ታችኛው ቀድሞ የተነጠፈ ነው፤ ስለዚህ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ወደ ድሮ ትሄዳላችሁ። በአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ!

ሌላም የሚለወጥ ነገር አለ። አፋፉ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው አይታችሁ ነበር፤ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። አየር በየ1,000 ሜትሩ ዝቅታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቃል። 1,300 ሜትር ስንወርድ ከ8 ዲግሪ በላይ ልዩነት ይመጣል ማለት ነው። ላይ ስንዴና ጤፍ ነበር፤ ታች ግራርና ቁጥቋጦ ነው። አባቶቻችን ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ ብለው የከፈሉት ያለ ነገር አይደለም። ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው፣ የሚበቅለውን እህልና የሚለበሰውን ልብስ አይተው የሠሩት የአየር ንብረት ካርታ ነው።

የውሃውን ቀለምም እዩት። በክረምት ዓባይ እንደ ጭቃ ቡናማ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለው ለቀልድ አይደለም፤ ከግንዱ ጋር ደግሞ የደጋውን አፈር ይዞ ይሄዳል። ያ ቡናማ ቀለም የአንድ ገበሬ ማሳ የነበረ አፈር ነው።

ጣናና ጢስ ዓባይ፦ ውሃው የት ሄደ?

ደብረ ማርቆስን አልፈን ባሕር ዳር ገባን። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ላይ ውሃው ሲወረወር የሚነሳው ርጭት ጭስ ስለሚመስል ነው ጢስ የተባለው። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ በድሮው የወረቀት አንድ ብር ጀርባ ላይ የነበረው ሥዕል እሱ ነው።

ብዙ ሰው ግን በበጋ ሄዶ ቅር ብሎት ይመለሳል። «ይኼ ነው እንዴ?» ይላል። ሰፊው ገደል ደርቆ ጥቂት ቀጫጭን የውሃ ክሮች ብቻ ይወርዳሉ። እዚህ ላይ አራተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ ምን ተለወጠ?

እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ከፏፏቴው በላይ አብዛኛው ውሃ ወደ ተርባይኖቹ ተመለሰ። በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተከፈተ። እሱ ውሃውን ከጣና ሐይቅ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስደዋል፤ ውሃው በለስን ተከትሎ ታች፣ ወደ ሱዳን ድንበር ሲቃረብ ከዓባይ ይቀላቀላል። አልጠፋም፣ መንገድ ነው የቀየረው። ግን በፏፏቴው በኩል አያልፍም።

ጥፋት ነው ታዲያ? መልሱ እንዲህ በቀላሉ አይመጣም። ያ ውሃ አምፖል አብርቷል፤ የስልካችሁንም ባትሪ ሞልቶ ይሆናል። በሌላ በኩል በፏፏቴው ርጭት ይረጥብ የነበረው ዳገት ደርቋል፤ ጎብኚ እያስጎበኘ የሚተዳደረው የአካባቢው ወጣት ገቢው ቀንሷል። መልክዓ ምድር የተሰቀለ ሥዕል አይደለም፤ ሥራ ላይ ያለ ነገር ነው። አንዱን ስንመርጥ ሌላውን እንከፍላለን። የሚያሳዝነው መምረጣችንንም ሳናውቅ መክፈል ነው። ፏፏቴው ለምን እንደቀጠነ የሚያውቅ ተጓዥ ሲመለስ የሚያወራው ሌላ ነው፤ በበጋ የተወሰነ ውሃ ይለቀቅለት ወይስ አይለቀቅለት ብሎ መከራከር ይችላል።

ሐይቁም ላይ ለውጥ አለ። ውሃው ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ወይን ጠጅ አበባ ያለው ተክል ካያችሁ፣ እምቦጭ ነው። አበባው ያምራል። ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፤ በጣና ላይ መስፋፋቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በፍጥነት ይራባል፣ ዓሣ አጥማጁን ጀልባውን ያግድበታል፣ ውሃ ውስጥ ብርሃን እንዳይገባ ይከልላል። የሚያምር ሁሉ ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ ከእምቦጭ በላይ የሚያስተምር የለም።

ደስ የሚል ነገርም አለ፣ እሱን ደግሞ ከቤታችሁ ሳትወጡ ማየት ትችላላችሁ። በስልካችሁ የሳተላይት ካርታ ክፈቱና ደብረ ታቦር አካባቢን አጉሉት። ቡናማ የእርሻ መሬት መሀል ክብ ክብ ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። በእያንዳንዱ መሀል ጣሪያ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ነው። በአማራ ክልል እንዲህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በሺዎች ይቆጠራሉ። በዙሪያቸው ያለው ጫካ ሲመነጠር እነሱ በአጸዱ ክብር ተጠብቀው ቀሩ። የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለዓመታት ሲያጠኑዋቸው ኖረዋል፤ ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆነው ከብት እንዳይገባ የድንጋይ ካብ እንዲካብላቸውም አድርገዋል። እያንዳንዷ ነጠብጣብ የድሮው ደን ዘር መጠባበቂያ ናት። ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቋት።

ሰሜን ተራሮች፦ ቀጭን አየር፣ ብርቱ ሕይወት

ጎንደርን አልፈን ደባርቅ። ከዚያ ወደ ሳንቃ በር፣ ወደ ግጭ፣ ወደ ጨነቅ። እዚህ አገር የሚታየው ገደል ትንፋሽ ያስቆማል፤ ከፍታውም ጭምር። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ኦክስጅኑ ከአየሩ ውስጥ ያለው ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ ነገር ግን አየሩ ስለሳሳ በአንድ ትንፋሽ የምታስገቡት ያንሳል። ስለዚህ ዳገቱን ስትወጡ ትንፋሻችሁ ቁርጥ ቁርጥ ቢል ስንፍና አይደለም፣ ፊዚክስ ነው። ቀስ በሉ፣ ውሃ ጠጡ። ራሱን በጣም ያመመው ሰው ካለ ወደ ታች መመለስ እንጂ መበርታት አያስፈልግም።

ድንጋዩ? ሰላሌ ላይ ያገኘነው ባዛልት ዘመድ ነው። እዚያ ሜዳ ሆኖ ተዘርግቶ ነበር፤ እዚህ በላዩ ሌላ ትልቅ እሳተ ገሞራ ተጨምሮበት፣ ከዚያ ወንዝና ዝናብ እየበሉት ገደል ሆነ። ገደሉ ላይ የሚታዩት አግድም መስመሮች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ የፈሰሰ የቀለጠ ድንጋይ ናቸው። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በበረዶ ዘመን እነዚህ ተራሮች አናት ላይ ግግር በረዶ ነበር።

ማን ይኖራል? ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር የሚነጩትን ጭላዳዎች ታያላችሁ። ደረታቸው ላይ ቀይ ቆዳ አለ። ከዝንጀሮ ዘመዶች ሁሉ ዋና ምግቡ ሣር የሆነ እሱ ብቻ ነው፤ የሚገኘውም በኢትዮጵያ ብቻ። ቀን ሜዳው ላይ ይውልና ሲመሽ ገደሉ ላይ ወርዶ ያድራል፤ ጅብና ነብር እዚያ አይደርስበትም። ራቅ ብሎ እንደ ምሰሶ የቆመው ተክል ጅብራ ነው። ለብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ አበባ ያወጣና ይሞታል። ዋልያ ደግሞ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ሌላ ቦታ የለም። ብሔራዊ ቡድናችን «ዋልያዎቹ» የሚባለው በእሱ ስም ነው።

ምን ተለወጠ? ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ አንዱ ነበር። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የዋልያ ቁጥር መመናመን፣ እርሻና ግጦሽ መስፋፋት ከምክንያቶቹ ውስጥ ነበሩ። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። በመሀሉ ምን ሆነ? የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። እኛ ቆመን «እንዴት ያምራል!» የምንልበት ሜዳ ለእነሱ ማሳና ቤት፣ የአባት የእናት መቃብር ያለበት አገር ነበር። ይህን ማወቅ ውበቱን አይቀንሰውም። ውበቱን ማን እንደከፈለለት ግን ይነግረናል፤ አስጎብኚውን፣ ስካውቱን፣ በቅሎ የሚጎትተውን ልጅ የምናይበት ዓይንም ይለወጣል።

ካሜራውስ?

እስካሁን ስልካችሁን ስንት ጊዜ አወጣችሁ? ፎቶ አታንሱ ልንል አይደለም። ግን አንድ ጥናት እነሆ። ሊንዳ ሄንክል የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎችን ሙዚየም ወስዳ አንዳንዱን ዕቃ እንዲያዩ፣ አንዳንዱን ፎቶ እንዲያነሱ አደረገች። በማግሥቱ ስትጠይቃቸው ፎቶ ያነሱትን ዕቃ በአጠቃላይ ያስታወሱት ካዩት ያነሰ ነበር። አእምሮ «ካሜራው ይዞልኛል» ብሎ የሚተወው ይመስላል። የሚገርመው ግን፣ የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው ያነሱት ሰዎች ትዝታቸው አልተጎዳም። ጥናቱ በ2014 ነው የታተመው።

ከዚህ ለመንገድ የሚሆን ምክር ይወጣል። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ በዓይን እዩ። ከዚያ ጥያቄያችሁን የመለሰላችሁን አንድ ነገር አቅርባችሁ አንሱ፤ የኖራውን ድርድር፣ የጅብራውን አበባ፣ የጭላዳውን እጅ። ጭላዳው ጋ ግን ምግብ ይዛችሁ አትቅረቡ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ሣሩን ይተዋል፣ ከሰውም ይጣላል።

ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ

ሰሜን ተራሮች ዘንድሮ ላይመቻችሁ ይችላል። መንገዱ፣ ገንዘቡ፣ ሰላሙ ሁሉ እስኪገጥም መጠበቅ የግድ ይሆናል። አራቱ ጥያቄዎች ግን አይጠብቁም። ቅርባችሁ ያለ ፓርክ፣ የወንዝ ዳር፣ የትምህርት ቤት ግቢ ሂዱና ለአንድ ሰዓት ተቀመጡ። ከአጥሩ ላይ ያለው ድንጋይ ጥቁር ነው ወይስ ነጭ? ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በየት በኩል ወጥቶ የትኛው ወንዝ ይገባል? ከዛፎቹ አገር በቀሉ የትኛው ነው? በእናታችሁ ወይም በአያታችሁ ልጅነት እዚህ ምን ነበር? የመጨረሻውን እነሱን ጠይቁ፤ በየትኛውም መጽሐፍ የማይገኝ መልስ ነው የሚሰጧችሁ።

መልሱን ደብተር ላይ ጻፉት፣ ቀኑንም ጨምሩ። ጢስ ዓባይ በበጋ እንዴት ይታይ እንደነበር ዛሬ የምናውቀው ቀድመው ያዩትና የጻፉት ሰዎች ስለነበሩ ነው። የሰፈራችሁን ወንዝ ግን ካላያችሁትና ካልጻፋችሁት፣ ሲለወጥ «ድሮ እንዲህ ነበር» ብሎ የሚመሰክርለት ማን አለ?